የተጠራ ጨለማ፦ የሼክስፒር «ማክቤዝ» ሂሳዊ ዳሰሳ

የዊልያም ሼክስፒር «ማክቤዝ» ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ጨለማ የተጫነው ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 መታየቱ በተመዘገበበት በለንደኑ ግሎብ ቴአትር ግን የመድረኩ ፊት ለፊት ጣሪያ አልነበረውም፤ ተውኔት የሚቀርበውም ከቀትር በኋላ በፀሐይ ብርሃን ነበር። መብራት የሚያደበዝዝ ባለሙያ የለም፤ ጭስ የሚነፋ መሣሪያም የለም። ተዋናዩ ችቦ ወይም ሻማ ይዞ ሲወጣ ተመልካቹ መምሸቱን ይረዳል፤ የቀረውን የሚሠራው ቃል ነው። እንግዲህ የዚህ ተውኔት ጨለማ በአንደበት የተሠራ ጨለማ ነው። የዚህ ዳሰሳ ዋና ነጥብም ከዚህ ይነሣል። በ«ማክቤዝ» ውስጥ ሌሊት የድርጊቱ መቼት ብቻ አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱ አስበው የሚጠሩት፣ ለምነው የሚያመጡት፣ ከመጣ በኋላ ግን መመለስ የሚያቅታቸው ኃይል ነው። ተውኔቱ ይህን ሐሳብ አጥብቆ በያዘበት ሁሉ አቻ የለውም፤ በለቀቀበት ቦታ ደግሞ ይሳሳል።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ እንደተጻፈ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን ወርሶ ነበር፤ የሼክስፒር የቴአትር ጓድም በእሱ ጥላ ሥር ገብቶ የንጉሡ ሰዎች ተብሎ ይጠራ ጀመር። ጄምስ ገና በስኮትላንድ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1597 ስለ አጋንንትና ስለ ጥንቆላ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1605 ደግሞ ንጉሡን ከነፓርላማው በባሩድ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሤራ ከሸፈ። ንጉሥ በገዛ ተገዢው እጅ የመሞቱ ሥጋት፣ የጠንቋይ ፍርሃት፣ በቃል እያምታታ የሚምል ከሐዲ ወሬ በለንደን ጎዳና የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር። ሼክስፒር የጻፈው እነዚህን ሁሉ ይዞ ለመጣ ተመልካች ነው። ጽሑፉ ለእኛ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1623 በታተመው የሥራዎቹ ስብስብ ብቻ ሲሆን፣ ከትራጄዲዎቹ ሁሉ አጭሩ ነው። ከ«ሐምሌት» ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል።

ታሪኩን ያገኘው ከራፋኤል ሆሊንሼድ የታሪክ መዝገብ ነው። ከምንጩ የወሰደውንና የለወጠውን ማስተያየት የጸሐፌ ተውኔቱን ዓላማ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ንጉሥ ደንከንን እ.ኤ.አ. በ1040 በጦርነት ድል ነሥቶ 17 ዓመት ነግሷል። በሆሊንሼድ መዝገብ ውስጥ ደንከን ልል ገዢ ነው፤ ባንኮም የሤራው ተባባሪ ነው። ሼክስፒር ደንከንን ደግና የተከበረ ንጉሥ አደረገው። ጄምስ የዘር ሐረጉን ከባንኮ ይቆጥር ስለነበር ባንኮን ከደሙ አነጻው። የግድያውን ሁኔታም ከሌላ ንጉሥ ታሪክ፣ በእንግድነት ካደረበት ቤት ከተገደለው ከዳፍ ታሪክ ወሰደው። እነዚህ ለውጦች ንጉሡን ደስ የሚያሰኙ መሆናቸው አይካድም። ከሁሉ በላይ ግን የማክቤዝን ማመካኛ አንድ በአንድ ይነጥቁታል። በደል አልተፈጸመበትም፤ ሕዝብን ከክፉ ገዢ አላዳነም፤ ተባባሪ ሹማምንት አልነበሩትም። ኃጢአቱን ራቁቱን ትቶታል። ለትራጄዲው ጥቅም ሲባል የተደረገ ትክክለኛ የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማክቤዝ የደንከን የጦር አበጋዝና የሥጋ ዘመድ ነው። ዐመፀኞችንና የኖርዌይን ጦር ድል አድርጎ ከጓዱ ከባንኮ ጋር ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች መንገድ ላይ ይገጥሟቸዋል። ለማክቤዝ የኮውዶርን ሹመትና የንግሥናን ዘውድ፣ ለባንኮ ደግሞ የነገሥታት አባትነትን ይተነብዩላቸዋል። ሹመቱ ወዲያው ይደርሳል፤ ደንከን ግን ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ ያደርጋል። ንጉሡ በኢንቨርነስ በማክቤዝ ቤት በእንግድነት ባደረበት ሌሊት ባልና ሚስቱ ተማክረው ይገድሉታል። ማክቤዝ ይነግሣል፤ ነገር ግን የባንኮን ትንቢት በመፍራት ባንኮን ያስገድላል፤ ልጁ ፍሊያንስ ያመልጣል። ቀጥሎ የፋይፉን መኮንን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስፈጃል። ሚስቱ አእምሮዋ ታውኮ ትሞታለች፤ እሱም ማልኮም ከእንግሊዝ ባመጣው ጦር መካከል በማክደፍ እጅ ይወድቃል።

የሤራው አወቃቀር የሚያስደንቀው ፍጥነቱ ነው። ግድያው የሚፈጸመው በሁለተኛው ገቢር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ገቢሮች በሙሉ የአንድ ሌሊት ሥራ ውጤት ናቸው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ግድያውን ጡዘት አድርጎ ወደ መካከል ይገፋው ነበር። ሼክስፒር ግን የሚያሳስበው ሰውየው ይገድላል ወይስ አይገድልም የሚለው አይደለም፤ ከገደለ በኋላ ከራሱ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ነው። ለዚህም ነው ግድያውን ከመድረክ ውጪ ያደረገው። እኛ የምናየው ደም በነካ እጅ የሚመለስን ባል፣ በር ላይ ጆሮዋን ጥላ የምትጠብቅን ሚስት ነው። በዚያ ትዕይንት ቃለ ተውኔቱ ይቆራረጣል፤ በአንድ ቃል ተጠይቆ በአንድ ቃል ይመለሳል። ማክቤዝን የሚያስጨንቀው መግደሉ ሳይሆን፣ በአጠገቡ ሲጸልዩ የሰማቸው ሰዎች ጸሎታቸውን ሲዘጉ «አሜን» ማለት አለመቻሉ ነው። ነፍሰ ገዳይ ምርቃት የሚሻበትን ይህን ቅጽበት ያሰበ ጸሐፊ የሰውን ልብ ጠንቅቆ ያውቃል።

አሁን ወደ ጨለማው እንምጣ። የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ኤ. ሲ. ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የትራጄዲ ጥናት፣ ከዚህ ተውኔት በአእምሯችን የሚቀሩት ትዕይንቶች ሁሉ ለማለት ይቻላል በሌሊት ወይም በጨለማ ስፍራ እንደሚፈጸሙ አስተውሏል። ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ጨለማው እንዲመጣ የሚለምነው ሰው ስለ መኖሩ ነው። ማልኮም ወራሽ ተብሎ በታወጀበት ቅጽበት ማክቤዝ ከዋክብት ብርሃናቸውን እንዲሸሽጉ፣ ዐይኑም እጁ የምትሠራውን እንዳታይ ይመኛል። በሚቀጥለው ትዕይንት ሚስቱ የባሏን ልመና ሳትሰማ ያንኑ ትለምናለች፤ ሌሊቱ በሲኦል ጭስ ተጠቅልሎ እንዲመጣ፣ ቢላዋው ያቆሰለውን ቁስል እንዳያይ፣ ሰማይም በጨለማው ብርድ ልብስ ውስጥ አጮልቆ «ተው» እንዳይላት። በሦስተኛው ገቢር ባንኮን ለማስገደል ሰው ከላከ በኋላ ማክቤዝ እንደገና ሌሊትን ይጠራል፤ አሁን ግን የቀንን ርኅሩኅ ዐይን እንዲሸፍን። ሦስቱን ልመናዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የነፍስን ቁልቁለት በግልጽ ያያል። በመጀመሪያው ከራሱ ዐይን ይሸሻል። በሁለተኛው ሁለት ልቦች አንድ ዐይነት ክፋት ያስባሉ። በሦስተኛው ምሕረት የተባለን ነገር ከዓለም ላይ ሊያጠፋ ይሻል፤ ያሰበውንም ከሚስቱ ደብቋል። ጨለማው መጀመሪያ ከሰማይ፣ ከዚያም ከባለቤቱ ለየው።

የዚህን ምስል ጥበብ ይበልጥ የሚያሳየው ውጤቱ ነው። ባንኮ በሚገደልበት ትዕይንት ችቦው ይጠፋል፤ ከገዳዮቹም አንዱ ማን እንዳጠፋው ይጠይቃል። በዚያው ጨለማ ፍሊያንስ ያመልጣል። ማክቤዝ ለምኖ ያመጣው ሌሊት የሚፈራውን ልጅ ሸሽጎ አስመለጠበት። በአንዲት ትንሽ የመድረክ ድርጊት የተቋጠረ ይህን ምጸት የሚያህል በሌሎቹ ትራጄዲዎች ውስጥ በብዛት አይገኝም። በአምስተኛው ገቢር እመቤት ማክቤዝ በእንቅልፏ እየተራመደች ስትመጣ ሻማ ይዛለች፤ ብርሃን ከአጠገቧ እንዳይለይ ማዘዟንም ደንገጡሯ ለሐኪሙ ትነግረዋለች። ሌሊትን በጭስ ጠቅልላ የጠራች ሴት ያለ ብርሃን ማደር አቅቷታል። የሞቷ ዜና ሲደርሰው ባሏ የሰውን ዕድሜ ከሻማ ጋር ያነጻጽራል። አንድ ተከታታይ ምስል በአምስት ገቢሮች ውስጥ ከልመና ወደ ቅጣት፣ ከቅጣት ወደ ተስፋ መቁረጥ ሲያድግ እናያለን። ድባብ የሚባለው ነገር እንዲህ ሲሠራ ከጌጥነት አልፎ የሤራው አካል ይሆናል።

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1751 በጻፈው መጣጥፍ፣ እመቤት ማክቤዝ ሌሊቱን በምትጠራበት ንግግር ውስጥ ያሉትን ቃላት ተችቷል። ቢላዋ የሥጋ ቤትና የወጥ ቤት ዕቃ ነው፤ ብርድ ልብስም ተራ ነገር ነው፤ ለእንዲህ ያለ አስፈሪ ሐሳብ አይመጥኑም ባይ ነው። ትችቱ ከታላቅ ሃያሲ የመጣ ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም፤ ነገር ግን የተውኔቱን አብይ ምርጫ የሳተ ይመስለኛል። የዚህ ተውኔት አስፈሪነት በቤት ዕቃ የተሠራ ነው። መኝታ፣ ትራስ፣ የመጠጥ ጽዋ፣ በር፣ ሻማ፣ የእራት ገበታ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፤ ግፉ የተፈጸመው በእነዚህ መካከል ነው። የተገደለውም እንግዳ ነው። ማክቤዝ ራሱ ገዳይን በር ዘግቶ መከላከል የባለቤት ግዴታው እንደሆነ ለብቻው ሲናገር እንሰማዋለን። መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ በሚያድርበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ነጥብ ማብራሪያ አይሻም። ቢላዋው የወጥ ቤት መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ቤት ራሱ መታረጃ የሆነበትን ዓለም በአንድ ቃል ያሳያል።

ከጨለማው ጋር ደም፣ እንቅልፍና ሕፃን የተባሉት ምስሎች ተጋምደዋል። ደም በመጀመሪያ ክብር ነው፤ የቆሰለው ወታደር በደም ተነክሮ መጥቶ የማክቤዝን ጀግንነት ይመሰክራል። ከደንከን ሞት በኋላ ግን ያው ደም እድፍ ይሆናል። ማክቤዝ እጁን ባሕር እንኳ እንደማያነጻው ሲናገር፣ ሚስቱ ጥቂት ውኃ ይበቃል ትላለች። በኋላ በእንቅልፍ ልቧ እጇን እያሸች የምትታጠበው እሷ ናት። ጸሐፌ ተውኔቱ ሁለቱን ሚናቸውን አቀያይሯቸዋል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ነቅቶ ማረፍ ተስኖታል፣ ሌላዋ ተኝታ ማረፍ ተስኗታል። የሕፃናቱ ምስል ደግሞ የማክቤዝን እውነተኛ ጠላት ያሳየናል። ፍሊያንስ፣ የማክደፍ ልጅ፣ በጠንቋዮቹ ድስት ዙሪያ የሚታዩት በደም የተነከረው ሕፃንና ዘውድ የደፋው ሕፃን ሁሉም ስለ ነገ ይናገራሉ። ወራሽ የሌለው ንጉሥ ከነገ ጋር ጦርነት ገጥሟል። በዚህ ጦርነት ማንም አያሸንፍም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ተውኔቱን ትራጄዲ የሚያደርገው የማክቤዝ የኅሊና ንቃት ነው። ክፉ ሰው ሲቀጣ ማየት ፍትሕ እንጂ ትራጄዲ አይደለም። ማክቤዝ ግን ከሁሉም ገጸ ባሕርያት ይልቅ የክፋትን ምንነት የሚያውቅ ሰው ነው። በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ለብቻው በሚያደርገው ንግግር ግድያውን የሚቃወሙትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ዝምድናውን፣ ተገዢነቱን፣ የአስተናጋጅነት ግዴታውን፣ የንጉሡን ደግነት። ለመግደል የሚገፋፋውን ሲፈልግ የሚያገኘው ከልክ ያለፈ ምኞቱን ብቻ ነው። እያወቀ ይገባበታል። ሐሳቡ ከእጁ ቀድሞ ይሮጣል፤ ከመግደሉ በፊት በአየር ላይ የተንጠለጠለ ጩቤ ያያል፣ ከገደለ በኋላ በእራት ገበታው ላይ የባንኮን መንፈስ ያያል። ሼክስፒር ውብ የሆኑትን ስንኞች ለነፍሰ ገዳዩ መስጠቱ ድፍረት ነው። ያዘንንለት ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያጠፋውን ነገር ዋጋ ከማንም አብልጦ ስለሚያውቅ ነው።

የእመቤት ማክቤዝ አቀራረጽ አድናቆትንም ጥያቄንም ይጋብዛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገቢሮች ተውኔቱን የምትመራው እሷ ናት። ርኅራኄዋ እንዲደርቅ መናፍስትን ትጠራለች፤ ባሏን በወንድነቱ እየነካካች ታነሣሣዋለች። ያም ሆኖ ደንከን ተኝቶ አባቷን ባይመስላት ራሷ ትገድለው እንደነበር ስትናገር፣ መናፍስቱ ጸሎቷን በሙሉ እንዳልሰሙላት እንረዳለን። በዚህች አንዲት ፍንጭ ላይ የኋላው ውድቀቷ ተመሥርቷል። የእንቅልፍ ልብ ትዕይንቱ በስድ ንባብ መጻፉም ጥበብ ነው፤ የንግግሯ ምጣኔ ከአእምሮዋ ጋር አብሮ ፈርሷል። ይሁን እንጂ ከእራት ግብዣው እስከዚህ ትዕይንት ድረስ ጨርሶ አናያትም። የባልና ሚስት መራራቅ በሦስተኛው ገቢር በሚገባ ተጀምሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውድቀቷን የምናገኘው አልቆ ነው። አንዳንዶች ይህ ክፍተት ለምናባችን የተተወ ነው ይላሉ። እኔ ግን በመካከሉ አንዲት አጭር ትዕይንት ብትኖር ሞቷ በሩቅ ከሚሰማ የሴቶች ጩኸት የበለጠ ይከብደን ነበር እላለሁ።

የጠንቋዮቹ ቋንቋ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሹማምንቱ የሚናገሩት ቤት በማይመታ፣ አምስት ምት ባለው ስንኝ ነው፤ ጠንቋዮቹ ግን አጠር ባለ፣ አራት ምት ባለውና ቤት በሚመታ ስንኝ ያንጎራጉራሉ። ማክቤዝ ገና ሳያገኛቸው በመጀመሪያ የሚናገረው ቃል የእነሱን የመክፈቻ ሐሳብ ይደግማል፤ ክፉንና ደጉን አቀላቅሎ የሚያይ ልብ ቀድሞም ነበረው ማለት ነው። ትንቢቶቻቸው በእኛ የቅኔ ትምህርት ቃል ሲታዩ ሰምና ወርቅ ናቸው። የበርነም ጫካ ወደ ደንሲኔን ካልመጣ አትሸነፍም፣ ከሴት የተወለደ አይጎዳህም ሲሉት እሱ የሚይዘው ሰሙን ነው። ወርቁ የሚገለጠው ወታደሮች ቅርንጫፍ ተሸክመው ሲመጡና ማክደፍ ከእናቱ ማኅፀን ያለ ጊዜው በቀዶ ሕክምና የወጣ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ጠንቋዮቹ «ግደል» አላሉትም። ባንኮ ያንኑ ድምፅ ሰምቶ አልገደለም። ተውኔቱ ዕጣ ፈንታን ከምርጫ ጋር ሳያጣላ ያኖራቸው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

በቃል የማምታታት ጉዳይ በበር ጠባቂው ትዕይንትም ይመለሳል። ሰካራሙ በር ጠባቂ ራሱን የሲኦል ደጅ ጠባቂ አድርጎ ሲቀልድ፣ በሁለት ወገን ስለሚምል አምታች ያነሣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1606 በባሩዱ ሤራ ምክንያት የተሰቀለውን ካህን ሄንሪ ጋርኔትን እንደሚያስታውስ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ገጣሚው ኮልሪጅ ትዕይንቱ ለሼክስፒር የማይመጥን መስሎት የሌላ ሰው እጅ ነው ብሎ ነበር። ቶማስ ደ ኩዊንሲ ግን እ.ኤ.አ. በ1823 በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ፣ በሩ ሲንኳኳ ተቋርጦ የነበረው የሰው ሕይወት መመለሱን እንደሚያበሥር፣ የግድያውም አስፈሪነት ያኔ እንደሚሰማን አስረድቷል። ከሁለቱ የደ ኩዊንሲ ፍርድ የጸና ነው። እኔ የምጨምረው ሳቁ ጨለማውን አያቀልለውም፤ ቤቱ ወደ ሲኦል መለወጡን በዋዛ አንደበት ያረጋግጣል። በዚህ ተውኔት ቀልድ እንኳ ለድባቡ ይሠራል።

አሁን ድክመቶቹን እንይ። የመጀመሪያው ሄኬት የተባለችው የጠንቋዮች እመቤት የምትታይባቸው ክፍሎች ናቸው። እነዚህን ጸሐፌ ተውኔት ቶማስ ሚድልተን እንደጨመራቸው ብዙዎች ይገምታሉ፤ በጽሑፉ ውስጥ በመነሻቸው ብቻ የተጠቆሙት መዝሙሮችም በሚድልተን ተውኔት ውስጥ ይገኛሉ። የማንም እጅ ይሁን፣ ሄኬት የምትጎዳን በማብራራቷ ነው። ጠንቋዮቹ ምን እንደሚሹ አለማወቃችን የፍርሃቱ ምንጭ ነበር፤ እሷ መጥታ ዕቅዱን ትዘረዝረዋለች። አዘጋጆች ይህን ክፍል ደጋግመው መቁረጣቸው ትክክል ነው።

ሁለተኛው በአራተኛው ገቢር ያለው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ትዕይንት ነው። ማልኮም ማክደፍን ለመፈተን የሌለበትን ነውር ሁሉ በራሱ ላይ ይቆልላል፤ ማክደፍም በመጨረሻ ተስፋ ይቆርጣል። ዓላማው ግልጽ ነው፦ አምባገነን በነገሠበት አገር ቅን ሰዎች እንኳ እርስ በርስ መተማመን እንደሚያቅታቸው ማሳየት። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከሆሊንሼድ ገጽ ያልተላቀቀ፣ የተውኔቱን ፍጥነት የሚገታ ክርክር ሆኗል። በመሐሉ የገባው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ሕሙማንን በመዳሰስ ይፈውሳል የሚለው ውዳሴም ለጄምስ ጆሮ የተጻፈ ይመስላል። ያም ሆኖ ትዕይንቱ ራሱን በመጨረሻ ይክሳል። ማክደፍ የሚስቱንና የልጆቹን መታረድ ሲሰማ፣ ማልኮም እንደ ወንድ ቻለው ይለዋል፤ እሱ ግን እንደ ሰው ሊሰማውም እንደሚገባ ይመልሳል። እመቤት ማክቤዝ ወንድነትን ከጭካኔ ጋር አንድ አድርጋ ነበር፤ ማክደፍ ከሐዘን ጋር አዋሐደው። ተውኔቱ ለሥነ ምግባር ጥያቄው የሰጠው የማያወላዳ መልስ ይህ ነው።

ሦስተኛው ፍጻሜው ነው። ማክቤዝ ከወደቀ በኋላ ማልኮም ሹማምንቱን በአዲስ ማዕርግ ይሾማል፤ የሞቱትን ባልና ሚስት በአጭር የውግዘት ቃል ይሸኛቸዋል፤ ወደ ስኮን ለንግሥ በዓሉ ይጠራል። ውግዘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አምስት ገቢር ሙሉ ልባቸውን ላየን ተመልካቾች አይበቃም። በማልኮም እውቀትና በእኛ እውቀት መካከል ያለው ርቀት ሆን ተብሎ የተተወ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያም ቢሆን ማልኮም ራሱ በደንብ ስላልተቀረጸ፣ የሚመልሰው ሥርዓት ቀጭን ሆኖ ይታያል። የፍሊያንስም ነገር ሳይነሣ ይቀራል። ብርሃኑ ተመለሰ ይባላል እንጂ ጨለማው በተገለጠበት የቃል ኃይል አልተገለጠም።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክስ ግን አልቀበልም፤ ተውኔቱ ተስፋ ቢስ ነው የሚለውን። ለዚህ የሚጠቀሰው ማክቤዝ የሚስቱን ሞት ሰምቶ ሕይወት ትርጉም አልባ መሆኗን የሚናገርበት ንግግር ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የተስፋ መቁረጥ ቃላት ሁሉ እጅግ ከተዋቡት ይቆጠራል። የተናገረው ግን ማን እንደሆነ አንርሳ። ከሰማይ፣ ከሚስቱ፣ ከወዳጆቹ ራሱን በገዛ እጁ የቆረጠ ሰው የሕይወትን ትርጉም ባያገኝ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ እርጅና ሲመጣ ሊያጅቡት የሚገባቸውን ክብር፣ ፍቅርና ወዳጅነት እንደማያገኝ ተናግሯል። እነዚህ ነገሮች በዓለም ላይ መኖራቸውን ያውቃል፤ የሌሉት ለእሱ ብቻ ነው። የተውኔቱ ጨለማ የከበደው ብርሃን መኖሩን ስለማይክድ ነው።

«ማክቤዝ» ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከ«ሐምሌት»ና ከ«ኦቴሎ» ጋር ወደ አማርኛ መልሶታል። ዛሬ ይህን ተውኔት ለመድረክ የሚያስብ አዘጋጅ ከሁሉ በፊት ተዋናዮቹን በቃሉ ላይ ቢያሠለጥን መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ትሬቨር ነን ኢያን ማኬለንንና ጁዲ ዴንችን ይዞ በእንግሊዝ ያዘጋጀው ዝነኛ ዝግጅት ጠባብ አዳራሽና ጥቂት ዕቃ ብቻ ነበረው፤ ይህም ትልቅነት በመብራትና በጭስ ብዛት እንደማይመጣ ያሳያል። ጨለማው በቃላቱ ውስጥ ተጽፏል፤ ተዋናዩ በትክክል ከተናገረው አዳራሹ ይጨልማል።

ፍርዴን ላጠቃልል። «ማክቤዝ» በስፋት «ንጉሥ ሊር»ን፣ በሐሳብ ብዝኃነት «ሐምሌት»ን አይስተካከልም። አንዳንድ ክፍሎቹ ከሌላ እጅ የተቀላቀሉ፣ አንዳንዶቹ ለንጉሥ ደስታ የተጨመሩ ናቸው፤ ፍጻሜውም ከመጀመሪያው ያንሳል። ነገር ግን በድባብ፣ በምስልና በሤራ አንድነት ከሼክስፒር ትራጄዲዎች የሚቀድመው የለም፤ ክፋት ከውጭ የሚወርድ ጥቃት ሳይሆን በገዛ ምርጫችን የምንጠራው እንግዳ መሆኑንም ከእሱ አብልጦ ያሳየ ተውኔት አላውቅም። ያላነበበ ያንብበው፤ ያነበበም ሦስቱን የሌሊት ልመናዎች አንድ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ያንብባቸው። የሥራው ምስጢር እዚያ ነው።